የብስክሌት ማርሽ ክፍሎችና ስያሜያቸው

የነጂውን ጉልበት ከፔዳል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱት የብስክሌት ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስያሜያቸው ግን ያምታታል፤ ክፍሉ ሲሻሻል አሮጌው ስም አብሮት ይሻገራልና።

ለዚህ ከማርሽ ልኬት የተሻለ ምስክር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ፔዳል የሚገጠመው በቀጥታ በግዙፉ የፊት ጎማ ላይ ነበር። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ስለሚዞር ርቀቱን የሚወስነው የጎማው ትልቅነት፣ የጎማውን ትልቅነት የሚወስነው ደግሞ የነጂው እግር ርዝመት ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ያቀረበው «ሮቨር» የተባለ ብስክሌት ጉልበቱን በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ ሲያስተላልፍ ይህ ገደብ ተነሣ፤ ማርሽን በጎማ ቁመት፣ በኢንች መለካቱ ግን አልቀረም። ዛሬም የፊቱ ጥርሳም ቀለበት 48፣ የኋላው 16 ጥርስ ቢኖረው፣ ጎማውም 27 ኢንች ቢሆን፣ 48 ለ16 ተካፍሎ በ27 ይባዛና ማርሹ «81 ኢንች» ይባላል። ቁጥሩ የሚናገረው ስለሌለ ጎማ ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ስለሚበልጥ፣ ማንም ተቀምጦበት ፔዳል ሊረግጥ ስለማይችል ጎማ።

ሰንሰለቱን ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው የሚያሻግረው «ደራየር» ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ ባቡርን ከሐዲድ ከማስወጣት ነው። ለጠቃሚ መሣሪያ ስድብ የሚመስል ስም ነው። ዝነኛው የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስም ቢሆን መሣሪያውን የፈቀደው በ1937 ነበር።

«ባለ 10 ፍጥነት» የሚለው መጠሪያ ደግሞ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ቀድሞ ከፊት 2፣ ከኋላ 5 ቀለበቶች ተባዝተው የሚገኝ ቁጥር ነበር። የኋላዎቹ ብቻቸውን 10 ሲደርሱ ማባዛቱ ቀረ፤ ዛሬ ቁጥሩ የእነርሱ ብቻ ነው። አሮጌውና አዲሱ ብስክሌት በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ዕቃቸው ግን አይገጣጠምም። ሰንሰለትም ይህን ቁጥር ወርሷል። የመገጣጠሚያዎቹ ርቀት በሁሉም 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን «ባለ 8» እና «ባለ 11» የሚባለው ስፋታቸውን ለመለየት ነው፤ የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ገዢን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቱት ሁለቱ የኋላ ቀለበቶች ዓይነት፣ ፍሪዊልና ካሴት ናቸው። ፔዳል ሳይረገጥ ጎማው እንዲዞር የሚያደርገው ስልት በፍሪዊል ከቀለበቶቹ ጋር አንድ አካል ሆኖ በጎማው እምብርት ላይ እንደ ብሎን ይጠብቃል። በካሴት ስልቱ የእምብርቱ አካል ስለሆነ የሚወልቁት ቀለበቶቹ ብቻ ናቸው። ብዙዎች ግን ሁለቱንም ፍሪዊል ይላሉ። ለመለየት ቀለበቶቹን ወደ ኋላ አዙሮ መሃል ያለውን የመፍቻ ማስገቢያ ማየት ይበቃል፤ አብሮ ከዞረ ካሴት፣ ባለበት ከቆመ ፍሪዊል ነው።