የክንድ አጥንት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ኮዲንግና ክፍያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ጎንደር ከጤና ኢንፎርማቲክስ፣ ከነርሲንግና ከጤና መኮንንነት ተመርቀው የአሜሪካ ክሊኒኮችን የኮዲንግና የክፍያ ሥራ በኦንላይን ለመሥራት የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ኮዲንግ የታካሚውን በሽታና የተሠራለትን ሕክምና ለክፍያ በሚላክ ኮድ መጻፍ ነው፤ የበሽታው ኮድ የሚወጣው አይሲዲ ከሚባለው የበሽታዎች ዝርዝር ነው። ማራኪ አካባቢ ከጥቂቶቹ ጋር የልምምድ ፋይል እናያለን። ከሁሉ በላይ የሚያሳስታቸው የአጥንት ዕጢ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በተለይ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ባሉት በሁለቱ አጥንቶች፣ በራዲየስና በአልና ላይ የሚሠራው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እነሆ።

«ዕጢ ከተባለ ካንሰር ነው፤ ኮዱ በሲ ይጀምራል»

በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። በአንድ የልምምድ ፋይል ላይ ቀኝ እጇ አንጓው አጠገብ ያበጠ ወጣት ሴት አለች። ራጁ የራዲየስ ጫፍ ውስጡ መበላቱን ያሳያል፤ ሐኪሙም «ጃየንት ሴል ቱመር ይመስላል» ብሎ ጽፏል። ተማሪው ወዲያው ሲ40.01 ብሎ ሞላው። ይህ በቀኝ ክንድ ረጅም አጥንት የጀመረ ካንሰር ማለት ነው፤ ያልተረጋገጠ ካንሰር በሰው ፋይል ላይ ሰፈረ።

ጃየንት ሴል ቱመር ከጉልበት አካባቢ ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እዚሁ የራዲየስ ታችኛ ጫፍ ላይ ነው። አጥንት ይበላል፣ ከወጣም በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ካንሰር አይደለም። ፓቶሎጂው (የናሙናው የላቦራቶሪ ምርመራ) ሲያረጋግጠው በአሜሪካው ዝርዝር የሚወድቀው በዲ48.0 ሥር፣ ጠባያቸው በእርግጠኝነት ካልተለየ የአጥንት ዕጢዎች ጋር ነው። እንደ ኦስቲዮኮንድሮማና ኢንኮንድሮማ ያሉ ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች ደግሞ ወደ ዲ16.0 ቤተሰብ ይሄዳሉ። ሲ40.0 የሚጻፈው ካንሰሩ እዚያው አጥንት ላይ የጀመረ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ከጡት ወይም ከሳንባ ተነሥቶ ወደ አጥንት የተሰራጨ ከሆነ ኮዱ ሌላ ነው፤ ሲ79.51።

ውጤቱ ሳይመጣስ? የአሜሪካ የተመላላሽ ሕክምና ደንብ «ይመስላል»፣ «ይጠረጠራል» የተባለን በሽታ እንደተረጋገጠ አድርጎ መጻፍን ይከለክላል። ስለዚህ የሚታወቀውን ብቻ፣ ሕመሙን ወይም እብጠቱን መጻፍ ነው። ሐኪሙ ዕጢ መሆኑን ጽፎ ዓይነቱ ገና ካልታወቀ ዲ49.2 አለ። ዲ48 እና ዲ49 ተመሳሳይ የሚመስሏቸው ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ጠባዩ አሻሚ ለሆነ ነው፤ ሁለተኛው መዝገቡ ላይ ዓይነቱ ገና ላልተገለጸ። የቀዶ ሕክምናውን ኮድ ከመላክ በፊት የፓቶሎጂውን መልስ መጠበቅ ጥቂት ቀን ያዘገያል፤ መጠበቁ ይሻላል።

«ዲ16.0 ብዬ ከጻፍኩ በቂ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅትን አይሲዲ 10 የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል። በዓለም አቀፉ ቅጂ ኮዱ ዲ16.0 ላይ ያበቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ የምትጠቀምበት የራሷ ቅጂ ግን አንድ አኃዝ ይጨምራል፦ ዲ16.01 ቀኝ፣ ዲ16.02 ግራ። አኃዙ የጎደለበት ክሌም (ለኢንሹራንሱ የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) ይመለሳል።

«የክንድ አጥንት ዕጢ ማውጣት አንድ ኮድ ነው ያለው»

አይሲዲ የሚናገረው ታካሚው ምን እንዳለበት ነው። ምን እንደተሠራ የሚናገረው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሳትመው ሲፒቲ ነው። በሲፒቲ የራዲየስ ወይም የአልና ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ ሲወጣ 25120 ይባላል። ባዶ የቀረው ቦታ ከራሱ ከታካሚው አካል በተወሰደ አጥንት ከተሞላ 25125፣ ከሌላ ሰው በተገኘ አጥንት ከተሞላ 25126 ይሆናል። በአጥንት ሲሚንቶ የተሞላ እንደሆነ ግን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አይሠሩም፤ ሲሚንቶ የአጥንት ንቅለ ተከላ አይደለምና።

ቦታውም ይለያል። ዕጢው ያለው ክርን አጠገብ፣ በራዲየስ ራስ ወይም አንገት ላይ ወይም በክርን ሹል አጥንት ላይ ከሆነ የ25120 መግለጫ ራሱ እነዚህን ቦታዎች ያስወጣል፤ ኮዱ 24120 ነው። ዕጢው አጥንት ሳይነካ ሥጋ ውስጥ የበቀለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው። እዚያ ከቆዳ ሥር ነው ወይስ ከጡንቻው ሽፋን በታች፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያንሳል ወይስ ይበልጣል የሚለው ይታያል። ለአጥንት ዕጢ እንዲህ ያለ የሴንቲ ሜትር መለኪያ የለም።

«ጋሼ፣ ኦፕሬሽኑ እኮ ትልቅ ነበር፤ ስለዚህ 25170 ነው» ያለኝ ተማሪ አለ። 25170 ከባድና ረጅም ለሆነ ቀዶ ሕክምና ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። ዕጢው በዙሪያው ካለው ጤነኛ አጥንትና ሥጋ ጋር ሰፋ ተደርጎ ሲነሣ የሚጻፍ ነው፤ በዋናነት ለካንሰር፣ አልፎ አልፎም በጣም ኃይለኛ ለሆነ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ። ሐኪሙ «ፈቅፍቄ አጠብኩ» ብሎ ከጻፈ፣ አምስት ሰዓት ቢፈጅም 25170 አይሆንም። የኦፕሬሽን ኖቱ «ከቀኝ ክንድ ዕጢ ወጣ» ብቻ ከሆነ ደግሞ የትኛውንም ኮድ መምረጥ አይቻልም። ያኔ መገመት አያስፈልግም፤ ሐኪሙን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ኮዱን የሚወስነው ኖቱ ነው፣ እኛ አይደለንም።

«የተሠራው ሁሉ ለየብቻው ይከፈላል»

25125 ሲጻፍ አጥንቱን ከዳሌ የመውሰዱ ሥራ እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። ለብቻው መጨመር አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው፤ ኢንሹራንሱ ባያስተውለው እንኳ ትክክል አይደለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናትም እንዲሁ ነው። በሜዲኬር (በአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ደንብ ቁስሉን ለማየትና ስፌት ለማውጣት የሚደረገው መደበኛ ክትትል በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ አለ። ታካሚው በቁስል መመረዝ ምክንያት ተመልሶ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባ ግን ከኮዱ ጎን 78 የሚባለው ምልክት ይጨመራል። ዕጢው መጀመሪያ ተፍቆ ወጥቶ፣ ፓቶሎጂው ካንሰር ነው ብሎ፣ በእነዚያው 90 ቀናት ውስጥ ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ምልክቱ 58 ነው። የመጀመሪያው ከችግር መመለስ ነው፤ የኋለኛው ሕክምናውን ወደ ከፍተኛ ደረጃ መቀጠል። ሁለቱን ማምታታት በክፍያው መጠንም ላይ ለውጥ ያመጣል።

«ዋጋውን የሚወስነው ኮድ የሚያስገባው ሰው ነው»

አይደለም። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሐኪም ሥራ በተሰጠ የክብደት ነጥብ ይከፍላል፤ የግል ኢንሹራንሶች ደግሞ በውላቸው።

«ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ነው፤ የጎንደርን ታካሚ አይመለከትም»

ሲፒቲ የአሜሪካ መሆኑ እውነት ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደምቢያ ወይም ከወገራ የመጣ ገበሬ 25120 የሚል ሒሳብ አይቀርብለትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ የሚጠየቀው የታደሰ የመድን ደብተሩንና ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ የመጣ የሪፈር ወረቀት ነው። ይህ መድን አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፣ መዋጮውም በየዓመቱ ይታደሳል። ዕድሳቱ ያለፈበት ሰው ወይም ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ የመጣ ሰው ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ክንዱ ያበጠ ዘመድ ያላችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ደብተሩን እዩት።

ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገር ግን እዚህም እዚያም እኩል ያስፈልጋል። ጃየንት ሴል ቱመር የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው። ያኔ ታካሚው የሚሄደው ሌላ ሐኪም ዘንድ፣ ምናልባትም ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። «ዕጢ ወጥቶለታል» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ ከቀረበ፣ ዕጢው ተፍቆ ነው ወይስ አጥንቱ አብሮ ተነሥቶ፣ ቦታው በምን ተሞላ፣ ፓቶሎጂው ምን አለ የሚለውን አዲሱ ሐኪም ማወቅ አይችልም። ከሆስፒታል ስትወጡ የመውጫውን ማጠቃለያና የፓቶሎጂውን ውጤት ኮፒ ጠይቁ። አጥንቱ ራዲየስ ወይም አልና፣ ጎኑም ቀኝ ወይም ግራ ተብሎ መጻፉን እዚያው ሳላችሁ አረጋግጡ።