ፎርዋርድ ምንድን ነው? ለምንስ «አጥቂ» አይባልም?

ኳስ በእጅ ታቅፎ ስለሚሮጥበት ጨዋታ፣ ስለ ራግቢ ሊግ፣ በአማርኛ በሚጻፉት ጥቂት ጽሑፎች «ፎርዋርድ» የሚለው ቃል «አጥቂ» እየተባለ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ እንግሊዛዊውን የቀድሞ ተጫዋች ማልኮም ራይሊን «ስመ ጥር አጥቂ» ካለው በኋላ፣ ከክንፍ ተጫዋቾች ያነሰ ማስቆጠሩን እንደ ድክመት ሲቆጥርበት አይቼ ዝምታው ከዚህ በላይ እንደማያዋጣ ተረዳሁ።

ስሕተቱ የመጣው ከእግር ኳስ ነው። በእግር ኳስ ፎርዋርድ ማለት ከተጋጣሚው ግብ አጠገብ የሚሰለፍና ግብ የሚጠበቅበት ሰው ስለሆነ «አጥቂ» መባሉ ያስኬዳል። በራግቢ ሊግ ግን ስሙ የሚናገረው ተጫዋቹ የሚቆምበትን ቦታ እንጂ የሥራውን ዓላማ አይደለም፤ ፎርዋርድ የሚባሉት ስድስቱ ተጫዋቾች በስክራም (ሁለቱ ቡድኖች ተቆላልፈው የቆመውን ጨዋታ በሚያስጀምሩበት) ጊዜ ከፊት ተቆላልፈው የሚቆሙት ሲሆኑ፣ ባክ የሚባሉት ሰባቱ ደግሞ ከኋላቸው የሚሰለፉት ናቸው። ኳሱን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል በሆነበት ጨዋታ ደግሞ ከፊት መቆም ለማስቆጠር የተለየ ዕድል አይሰጥም። ቁጥራቸው ስድስት የሆነውም እ.ኤ.አ. በ1906 የቡድኑ አባላት ከ15 ወደ 13 ሲቀነሱ፣ የተቀነሱት ሁለቱ ከፎርዋርዶቹ ወገን ስለነበሩ ነው።

የፎርዋርዱን ሥራ ከእርሻ በተሻለ የሚገልጽልኝ ነገር አላገኘሁም። ገበሬ መሬቱን በመጀመሪያው ዙር ይገምሳል፣ በሁለተኛው ያይማል፣ በሦስተኛው ይሰልሳል፤ ዘሩ የሚበተነው ከዚያ በኋላ ነው። በዛሬው ሕግ አንድ ቡድን ኳሱን ሊይዝ የሚችለው ስድስት ጊዜ በታክል (ተከላካዮች ኳስ የያዘውን ይዘው በማስቆም ወይም በመጣል) እስኪያዝ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከሙት ፎርዋርዶች ናቸው፤ ኳሱን ታቅፎ በተሰለፈ ተከላካይ ላይ ቀጥ ብሎ መሮጥ፣ ሦስት አራት ሰው እየጎተቱ ጥቂት ሜትር መግፋት፣ ከዚያም ተከላካዮቹ ወደ መስመራቸው ሳይመለሱ ፈጥኖ ተነሥቶ ኳሱን በእግር ወደ ኋላ ማንከባለል ግምሱ፣ አይማውና ስልሱ ነው። ሁከር የሚባለውን ባለ 9 ቁጥር እርፍ ጨባጭ ልንለው እንችላለን፤ የተንከባለለውን ኳስ አንሥቶ ማረሻው ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነውና። ዘሪዎቹ ጨዋታውን የሚመሩት ሃፍባኮቹና በዳር የሚሮጡት የክንፍ ተጫዋቾቹ ናቸው። ዘሪው ስላማረበት አራሹን ሰነፍ ማለት እንግዲህ የእኛ አስተያየት ሰጪ ፍርድ ነው።

ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ እንዳለ አልክድም። መሬት አራሹን መልሶ አይመታም፤ ገበሬም ሞፈሩን አስቀምጦ ጎረቤቱ እንዳያርስ ሲከላከል አይውልም። ፎርዋርዱ ግን ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ሲያልፍ በመከላከያው መስመር መሐል ቆሞ የሚመጡበትን ግዙፋን ይጥላል፤ ከታክሎቹ የሚበዙት በእሱ ትከሻ ላይ ያልፋሉ። «አጥቂ» የሚለው ትርጉም ይህን የሥራውን ግማሽ ጨርሶ ይሰርዘዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ የስድስቱ ታክል ሕግ ለሁሉም ዘመን አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ1966 በፊት ቁጥሩ አልተገደበም ነበር፣ ከዚያም አራት ሆነ፣ ወደ ስድስት ያደገው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ የዚያን ጊዜን ፎርዋርድ በዛሬው ሚዛን ለመመዘን የሚቸኩል ሰው ይጠንቀቅ።

ራይሊ የተጫወተው በሉስ ፎርዋርድ (በስክራም ከፎርዋርዶቹ ሁሉ ኋላ በሚቆመው ተጫዋች) ቦታ ነው፤ አውስትራሊያውያን ሎክ ይሉታል። ይህ ቦታ ከማረስም ከመዝራትም የሚካፈል በመሆኑ ጉልበትንም የማቀበል ብልሃትንም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ክለቡ ካስልፎርድ በዌምብሌይ ሳልፎርድን 11 ለ 6 አሸንፎ የእንግሊዙን የቻሌንጅ ዋንጫ ሲወስድ፣ ለፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የላንስ ቶድ ሽልማት ያገኘው እሱ ነበር። በ1970 ከታላቋ ብሪታኒያ ቡድን ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄዶ የሁለቱን አገሮች ተከታታይ ግጥሚያ፣ የአሸስን ውድድር፣ 2 ለ 1 ከረቱት አንዱ ሆነ፤ ከዚያም በሲድኒው ማንሊ ክለብ የ1972ንና የ1973ን ሻምፒዮናዎች አገኘ። በጭካኔው እስከ ዛሬ በሚወሳው የ1973 ፍጻሜ ላይ ገና በጊዜ ተጎድቶ ጨዋታውን ሳይጨርስ ወጥቷል።

ወደ ካስልፎርድ ተመልሶ በመጀመሪያ ተጫዋችም አሠልጣኝም፣ ኋላም አሠልጣኝ ብቻ ሆኖ ቆየና በ1986 ኸል ኪንግስተን ሮቨርስን 15 ለ 14 በማሸነፍ ዋንጫውን መልሶ አመጣ። ከ1987 እስከ 1994 ታላቋ ብሪታኒያን ሲያሠለጥን፣ ቡድኑ በ1988 ሲድኒ ላይ አውስትራሊያን 26 ለ 12 ረታ፤ ከ1978 ወዲህ የመጀመሪያው ድል ነበር። በዚያ ጨዋታ ረጅም ሜዳ ሮጦ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረው ማይክ ግሪጎሪ ፎርዋርድ ነው። አስተያየት ሰጪው ይህን ሲያነብ ደስ ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሩጫ እስከ ዛሬ የሚወራለት ከፎርዋርድ ስለማይጠበቅ መሆኑን ልብ ይበል።

የሚጠበቀውን ለማየት የ1997ን የአውስትራሊያ ፍጻሜ መመልከት ይሻላል። ራይሊ ያሠለጠነው ኒውካስል የቀድሞ ክለቡን ማንሊን 22 ለ 16 ሲያሸንፍ፣ ለኒውካስል ሁለቱን ትራይ ከሁሉም ኋላ የሚሰለፈው ፉልባክ ሮቢ ኦዴቪስ፣ ሰከንዶች ሲቀሩ የገባውን ሦስተኛውን ደግሞ ከሃፍባኩ አንድሩ ጆንስ የተቀበለው የክንፍ ተጫዋቹ ዳረን አልበርት አስቆጠሩ። በስክራም ከፊተኛው ረድፍ የሚቆመውን ፕሮፕ ፖል ሃራጎንን ጨምሮ አንድም የኒውካስል ፎርዋርድ ትራይ አላስቆጠረም፤ ሃራጎን ግን ዋንጫውን ያነሣው አምበል ነበር።

የድሮ ፎቶግራፎችን አይተው ቦታ ለሚለዩ አንባቢዎች አንድ ነገር ላስታውስ፤ በእንግሊዝ ሉስ ፎርዋርድ 13 ቁጥር ሲለብስ፣ በዚያው ዘመን በአውስትራሊያ ሎክ የሚለብሰው 8 ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ የሲድኒ ፎቶግራፍ ላይ 8 ቁጥር ያዩትን ሰው በዛሬው ቁጥር ተመርተው ፕሮፕ ነው እንዳይሉ።