«ይሄማ ኮሶ ነው»፦ ስለ አይፒኤ የሚባለውና እውነታው

አይፒኤ (ኢንዲያ ፔል ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት) ወይም ሌላ ሆፕ፣ ማለትም ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ የበዛበት ቢራ በቀረበ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ ግማሹን በአንዴ ጨልጦ፣ ፊቱን አጨማዶ «ይሄማ ኮሶ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሌላው ደግሞ ምሬቱን መቻል ጀግንነት ይመስለዋል። ሁለቱም ገና አልቀመሱትም።

«ሆፕ ማለት ምሬት ነው፤ በመረረ ቁጥር ጥሩ ነው»

ሆፕ የሚሰጠውን የሚወስነው የገባበት ሰዓት ነው። የብቅሉ ውሃ መፍላት ሲጀምር ገብቶ 60 ደቂቃ ያህል ከተቀቀለ፣ በውስጡ ያለው አልፋ አሲድ ተለውጦ መራራ ይሆናል፤ መዓዛ ሰጪው ዘይት ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ወይም እርሾው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሲጨመር ነገሩ ይገለበጣል፦ ምሬቱ ጥቂት፣ መዓዛው ብዙ። በዛሬዎቹ ድፍርስ አይፒኤዎች አብዛኛው ሆፕ የሚገባው በዚህ በመጨረሻው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሆፑ በዝቶ ምሬቱ የለዘበ ቢራ ብርቅ አይደለም።

ጣሳው ላይ የሚጻፈው አይቢዩ የሚባል የምሬት ቁጥርም ሰውን ያሳስታል። በአንድ ሊትር ውስጥ በግምት ስንት ሚሊግራም መራራ አሲድ እንዳለ ይናገራል እንጂ ምላስ የሚሰማውን አይናገርም። የብቅል ስኳር ተርፎበት የወፈረ ባለ 60 አይቢዩ ቢራ፣ ስኳሩ አልቆ ደረቅ ከሆነው ባለ 40 ያነሰ ሊመር ይችላል። በቁጥሩ ቢራ መምረጥ ይቅርባችሁ።

መመዘን ያለበት የምሬቱ ጠባይ ነው። ጥሩ ምሬት ሲዋጥ ጥርት ብሎ ይሄዳል፤ ሌላ ጉንጭ ያስመኛል። ምላስ ላይ ተለጥፎ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ አፍ የሚያደርቅ ከሆነ ሆፑ ከልክ በላይ በዝቷል ወይም ቢራው ውስጥ ብዙ ቆይቷል። በመጀመሪያው ጉንጭ ግን አትፍረዱ፤ ምላስ እስኪለምደው ሁለት ሦስት ጉንጭ ይፈልጋል።

«ቢራ በረዶ ሲሆን ነው»

ለተራ ላገር ይሁንላችሁ። አይፒኤ በ2 ዲግሪ ሲቀርብ መዓዛው ይታፈንና ምሬቱ ብቻ ይቀራል፤ «ኮሶ» የሚሉትም አብዛኞቹ እንዲህ የጠጡት ናቸው። ከፍሪጅ አውጥታችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃል። ፍሪዘር ውስጥ የዋለ ጃምቦ ጭራሽ አይሆንም፤ ግድግዳው ላይ ያለው በረዶ ቀልጦ ቢራውን ያቀጥነዋል።

ከጠርሙሱ መጠጣትም ያው ነው፤ አፍንጫ ምንም አይደርሰውም። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ውስጥ ከግማሽ በታች ቅዱ፣ በእጃችሁ ከድናችሁ አዙሩት፣ ከዚያ አጠር አጠር አድርጋችሁ ሁለት ሦስቴ አሽትቱ። ረጅም ማሽተት አፍንጫን ያደነዝዛል። ትንሽ ተጎንጭታችሁ አፍ ውስጥ አዙሩት፣ ዋጡት፣ በአፍንጫ ተንፍሱ። እንደ ወይን ቀማሾች አትትፉት፤ ብዙው መዓዛ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ከተዋጠ በኋላ ነው።

«አረፋ ማጭበርበሪያ ነው»

ግማሽ ጃምቦ አረፋ ከሆነ ቅሬታችሁ ልክ ነው። ሁለት ጣት ያህሉ ግን መዓዛ ተሸካሚ ነው። ቶሎ ከከሰመ፣ ወይም ጥቃቅን አረፋ ብርጭቆው ጎን ላይ ከተጣበቀ፣ ብርጭቆው ቅባት ወይም ሳሙና ቀርቶበታል።

«ድፍርስ ከሆነ ተበላሽቷል»

ጉሽ ጠላ የጠጣ ሰው ይህን ሲል ይገርማል። በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት የታወቀው ዓይነት አይፒኤ ከአጃና ከስንዴ በሚመጣ ፕሮቲን ሆን ተብሎ ይደፈርሳል።

«ማንጎ የሚሸተው ጭማቂ ገብቶበት ነው»

ካልተጻፈበት አልገባም። እንደ ሲትራና ሞዛይክ ካሉ የሆፕ ዝርያዎች የሚመጣ ነው።

«ሆፕ ጌሾ ነው»

አይደለም። ጌሾ የቁጥቋጦ ቅጠልና እንጨት ነው፤ ሆፕ የሐረግ አበባ።

«ሲቆይ ይጣፍጣል»

ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ አይፒኤ ለበዓል ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ማየት ያናድዳል። ቀድሞ የሚሞተው የሆፑ መዓዛ ነው። የታሸገበትን ቀን አይታችሁ በሦስት ወር ውስጥ፣ ያውም ፍሪጅ ውስጥ አቆይታችሁ ጠጡት። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ፣ ወርቃማው ድፍርስ ወደ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሄደ፣ አየር ገብቶታል። በአረንጓዴ ወይም በነጭ ጠርሙስ ያለውን ፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ያገማዋል፤ ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፣ ጣሳ ደግሞ ብርሃን ጨርሶ አያስገባም። ቅቤ የነካው ፈንዲሻ የሚሸት ከሆነ ደግሞ የሆፕ ብልጽግና አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የታሸገ ቢራ ነውና ወደ ሻጩ መልሱት።