በቤት በሚሠራ የሰብዉፈር ሳጥን ላይ የፖርት አቀማመጥ

ፖርት የሰብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ስፒከር) ሳጥን የውስጥ አየር ከውጭው ጋር የሚገናኝበት ቱቦ ወይም ጠፍጣፋ መተላለፊያ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ሞላ ሆነው አብረው ይርገበገባሉ። ይህ ርግብግቢት ከሁሉ የሚበረታበት ድግግሞሽ የሳጥኑ ቅኝት ነው። በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉ ድምፅ የሚሰማውም በዚሁ ጠባይ ነው። አሠራሩን አልበርት ቱራስ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ሳለ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1932 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኔቪል ቲል እና ሪቻርድ ስሞል ያወጡት ስሌት ማንም በቤቱ ቀምሮ እንዲሠራው አስችሏል።

ፖርቱ ከፊት ይውጣ፣ ከኋላ ወይስ ከጎን የሚለው ክርክር ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል። የ35 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 9.8 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ሳጥን ላይ ፊትና ኋላ መሆኑን ቤዙ አይለየውም። ከኋላ የወጣ ፖርት ግን ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ የራሱን ዲያሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ 15 ሴ.ሜ. ቢሆን ይመረጣል። ከፊት የወጣው በበኩሉ የአየር ሽውታ ካለበት በቀጥታ ወደ አድማጩ ይልከዋል።

ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የማይታየው የውስጥ አፍ ነው። ይህ አፍ ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ቢያንስ አንድ ዲያሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ከዚያ ከተጠጋ አየሩ ተጠማዝዞ ለመግባት ይገደዳል፣ ቱቦው የረዘመ ያህል ይሆናል፣ ቅኝቱም ከታሰበው በታች ይወርዳል።

ርዝመቱ እንዲህ ይሰላል፦ የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር በራሱ ተባዝቶ በ23562.5 ይባዛል። የተገኘው፣ የቅኝቱ ካሬ በሳጥኑ ሊትር ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ይካፈላል። በመጨረሻም የዲያሜትሩ 0.732 እጥፍ ይቀነሳል። ለ50 ሊትር፣ ለ35 ኸርዝና ለ10 ሴ.ሜ. ቱቦ 31 ሴ.ሜ. ይመጣል። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገዛው 110 የሚባለው የፍሳሽ ፒቪሲ ቁጥሩ በሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትሩ ስለሆነ ውስጡን በሜትር መለካት ግድ ነው፤ 10.4 ሴ.ሜ. ሆኖ ከተገኘ ርዝመቱ ወደ 34 ያድጋል።

ሳጥኑ በውስጥ በኩል 42 ሴ.ሜ. ወርድ፣ 36 ቁመትና 36.5 ጥልቀት ካለው 55 ሊትር ይይዛል። ቱቦው 2.8 ሊትር፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከሩ ደግሞ ወደ 2.5 ሊትር ስለሚወስዱ የተጣራው 50 ይሆናል። ይህን ቅናሽ መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጠቅላላ ይዘቱ ብቻ 50 የሆነ ሳጥን ቅኝቱ ወደ 37 ኸርዝ ይወጣል። አሁን ቱቦው ከፊት ቢገባ፣ 1.8 ሴ.ሜ. በኤምዲኤፉ (ሳጥኑ በሚሠራበት የታመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ውፍረት ውስጥ ስለሚቀር ከአፉ እስከ ኋላው ግድግዳ 7.3 ሴ.ሜ. ብቻ ይተርፋል፤ አይበቃም። ከጎን ገብቶ በወርዱ ሲዘረጋ ግን 12.8 ሴ.ሜ. ያገኛል። እንግዲህ የፖርቱን ፊት የሚመርጠው ይህ ክፍተት ነው። የትኛውም ጎን ካልበቃ በክርን ይታጠፋል፤ ርዝመቱም በቱቦው መሐል መስመር ይለካል።

ቦታ ለመቆጠብ 7.5 ሴ.ሜ. ቱቦ መምረጥ ያጓጓል፣ 16 ሴ.ሜ. ርዝመት ብቻ ይበቃዋልና። ነገር ግን ያንኑ አየር በግማሽ በሚጠጋ የአፍ ካሬ ስፋት ማሳለፍ ፍጥነቱን ወደ 1.8 እጥፍ ያደርሰዋል። ፍጥነቱ ከ17 ሜትር በሰከንድ ሲያልፍ ፖርቱ እንደ ወናፍ እፍ እፍ ማለት ይጀምራል። ሁለቱንም አፎች በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ማክበብ ይረዳል፤ ጠባብን ቱቦ ግን አያድነውም። ከኤምዲኤፍ የሚሠራው ጠፍጣፋ ፖርትም ቁመቱ ከስፋቱ 8 ወይም 9 እጥፍ በላይ ከሆነ አየሩ በግድግዳው ይታሻል። የሳጥኑን ግድግዳ ተጋርቶ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ፖርቱን ስለሚያስረዝመው ከስሌቱ አጠር ተደርጎ ይቆረጣል። ጥጥ ወይም ስፖንጅ በውስጥ አፉ አጠገብ አይደረግም።

ቱቦው መጀመሪያ 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. አስረዝሞ ተቆርጦ፣ በሲሊኮን ሳይሆን በፕላስተር አየር በማያሳልፍ መልኩ ለጊዜው ይያዛል። ከዚያ ከስልክ ላይ ነጠላ ድምፅ ከ50 ኸርዝ ጀምሮ አንድ አንድ እየተቀነሰ በመጠነኛ ኃይል ይለቀቃል። ኮኑ (የስፒከሩ የሚንቀሳቀስ ፊት) ሲንቀጠቀጥ ጠርዙ ብዥ ብሎ ይታያል። ቅኝቱ ላይ ሲደርስ ግን ሊቆም ምንም አይቀረውም፣ ጠርዙ ጥርት ይላል፤ በፖርቱ አፍ ላይ የተያዘ እጅ ግን ያን ጊዜ ነው ንፋሱ የሚበረታበት። ይህ በ33 ኸርዝ ከታየና የተፈለገው 35 ከሆነ፣ ቱቦው አንድ ሴንቲ ሜትር እየተቆረጠ እንደገና ይሞከራል። ከቅኝቱ በታች የአየሩ ሞላ ኮኑን መያዝ ስለሚተው፣ ዝቅተኛ ድምፅ የሚያስቀር ፊልተር በአምፕሊፋየሩ ላይ ሳይከፈት ድምፅ መጨመር ስፒከሩን ሊሰብር ይችላል። ሲሊኮኑ የሚቀባው ቁጥሩ ከገጠመ በኋላ ነው።