የዜግነት ትምህርት ቤቶች፦ ከማኅበረሰቡ የበቀለ የመሪዎች ማፍሪያ

የዜግነት ትምህርት ቤቶች በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር አሜሪካውያን የተከፈቱ የጎልማሶች የማታ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የመጀመሪያው በጥር 1957 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሳውዝ ካሮላይና፣ ከቻርልስተን አጠገብ ባለችው ጆንስ ደሴት ተጀመረ። የቅርብ ዓላማቸው ጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ተምረው በመራጭነት እንዲመዘገቡ ማድረግ ነበር፤ የላቀው ፍሬያቸው ግን ከጢሰኛው፣ ከልብስ ሰፊዋና ከቤት ሠራተኛዋ መካከል መሪ ማውጣታቸው ነው። ዛሬ በአሜሪካ ነጭ ያልሆኑ የግብረ ሰናይ ድርጅት መሪዎች በገዛ ባህላቸው ላይ ቆመው እንዲመሩ ለመደገፍ የሚደረገው ጥረት ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙ ወርሷል።

የግዛቱ ሕግ ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል እንዲያነብ ያስገድድ ነበር። የደሴቲቱ ገበሬና ነጋዴ ኢሳው ጄንኪንስ ሠራተኞችን በአውቶቡስ ወደ ቻርልስተን ሲያመላልሱ በመንገድ ላይ ሕጉን ያስጠኑ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ አሊስ ዋይን የሰሙትን በቃላቸው ይይዙ ነበር እንጂ ማንበብ አይችሉም ነበርና፣ በትክክል ማንበብ መማር እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። ጄንኪንስ ጥያቄውን በቴነሲ ተራሮች ወደሚገኘው ሃይላንደር የተባለ የጎልማሶች ማሠልጠኛ ይዘው ሄዱ። ወደዚያ የመሯቸው ሴፕቲማ ክላርክ ናቸው። ክላርክ በ1916 በዚያችው ደሴት ማስተማር የጀመሩ መምህርት ሲሆኑ፣ በ1956 የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበር አባልነታቸውን አልተውም በማለታቸው ከሥራ ተባረዋል።

የሥራው ጥበብ ከሁሉ በላይ የታየው በመምህር ምርጫ ነው። የተመረጡት በርኒስ ሮቢንሰን የክላርክ ዘመድና ፀጉር ሠሪ ነበሩ። አስተምረው ስለማያውቁ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ክላርክና የሃይላንደር መሥራች ማይልስ ሆርተን ግን የፈለጉት ይህንኑ ነበር። የመምህርነት ሰርተፍኬት ያለው ሰው ተማሪውን ከላይ ወደ ታች ሊያይ ይችላል፤ ሮቢንሰን ግን ሰው ማዳመጥ የለመዱ፣ በማኅበረሰቡ የተከበሩ ነበሩ። ደግሞም ደንበኞቻቸው ጥቁሮች ስለነበሩ ከእንጀራቸው የሚያፈናቅላቸው ነጭ አሠሪ አልነበረም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የመሪ ድፍረት ግን ኑሮው በማን እጅ እንዳለ ሳይታይ አይመዘንም።

አሥራ አራት የሚሆኑ ተማሪዎች ከአንድ የኅብረት ሱቅ ጀርባ ባለ ክፍል ተሰበሰቡ። ሱቁ ከፊት መሆኑ ትምህርቱን ከነጮች ዓይን ሰወረው። ሮቢንሰን መምህር ሆነው እንዳልመጡ፣ አብረው እንደሚማሩ ነግረዋቸው ጀመሩ። ለሕፃናት የተዘጋጁትን መጻሕፍት ለጎልማሳ አይመጥኑም ብለው ተዉ፤ በምትካቸው የገንዘብ መላኪያ ቅጽ፣ የሸቀጥ ማዘዣ ወረቀትና የምርጫ ሕጉ ገቡ። በግድግዳው ላይ የሰብዓዊ መብቶች ሁሉን አቀፍ መግለጫ ተሰቀለ። የደሴቲቱ ሰዎች ጉላህ የሚባል፣ ከአፍሪካ የመጣ ብዙ ቅርስ ያቆየ ቋንቋና ባህል ያላቸው ናቸው፤ ዝማሬያቸውም በጥቁሮች የእኩልነት ትግል ስብሰባዎች የራሱን ቦታ አገኘ። ከእነዚህ ዝማሬዎች አንዱ ለትግሉ የደረሰው ከአሊስ ዋይን ነው።

ውጤቱ ወደ አጎራባች ደሴቶች ሲዛመት ባለሥልጣናት በሃይላንደር ላይ ተነሡ፤ በ1961 ፈቃዱ ተሰረዘ። ፕሮግራሙ በዚያው ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመሩት የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ተዛወረ። ጉባኤው ከግብር ነፃ የሆነ እርዳታ የመቀበል መብት ስላልነበረው ፊልድ ፋውንዴሽን የተባለው ለጋሽ ድርጅት ገንዘብ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ተቋም በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ክላርክ እና ከጉባኤው ጋር ይሠሩ የነበሩት ዶሮቲ ኮተንና አንድሩ ያንግ በጆርጂያ በሚገኘው የዶርቼስተር ማዕከል አዳዲስ መምህራንን አሠለጠኑ። እስከ 1970 ድረስ ወደ 900 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። የሚሲሲፒዋ ጢሰኛ ፋኒ ሉ ሄመር በሰኔ 1963 ታስረው ክፉኛ የተደበደቡት ከዚሁ ፕሮግራም ሥልጠና ሲመለሱ ነው።

ጉባኤው ራሱ ግን ትምህርት ቤቶቹ ያስተማሩትን ሙሉ በሙሉ አልተማረም። ክላርክ በየአካባቢው ያሉ ሰዎች ሰልፉን ራሳቸው እንዲመሩ እንዲፈቅዱላቸው ለኪንግ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው በሠራተኞች ፊት ሲነበብ ተሳቀበት። በአመራሩ የነበሩት ወንዶች የሴቶችን ሐሳብ ይንቁ እንደነበር ክላርክ በኋላ ደጋግመው ተናግረዋል። የዚህን ያህል መምህራን ያፈራ ሥራ ከሰልፎቹ ያነሰ ዝና ያገኘበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ የንባብ ፈተናውን ቢያስቀርም፣ ከማኅበረሰቡ የወጡ መሪዎች ለሥራቸው ገንዘብ ከየት ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ብሪጅስፓን እና ኤኮይንግ ግሪን የተባሉ ተቋማት በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከተመለከቷቸው አዳዲስ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች መካከል በጥቁሮች የሚመሩት ገቢያቸው በነጮች ከሚመሩት በ24 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። እንደ ፈቃዳቸው ሊያውሉት የሚችሉት ሀብት ደግሞ በ76 በመቶ ያንሳል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ለጋሹ በወሰነው ሥራ ላይ ብቻ የሚውል ገንዘብ ለሕዝቡ ጥያቄ መልስ የመስጠትን ነፃነት ከመሪው እጅ ያወጣልና።