የዳቦ እርሾ አጓትን ለምን አያፈላም?

«አጓት ስኳር አለው፣ እርሾ ስኳር ይበላል፣ ታዲያ ለምን አይፈላም?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። የአጓት ስኳር ላክቶስ ነው፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተጣብቀው የሠሩት። የዳቦ እርሾ ላክቶስን ወደ ሴሉ የሚያስገባ በርም ሆነ የሚሰነጥቅ ኢንዛይም የለውም። አጓት ላይ ነስንሳችሁ ብታሳድሩት እርሾው ነጭ አተላ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል፣ ላክቶሱ ግን እንዳለ ነው።

አጓት እንዲያፈላ «ዘረመሉ የተሻሻለ» እርሾ ሲባል እነዚህ ሁለቱ፣ በሩና ኢንዛይሙ፣ ብዙ ጊዜ ክሉይቨሮማይሲስ ላክቲስ ከተባለው የወተት እርሾ ተወስደው፣ ተጨምረውለታል ማለት ነው። ኢንዛይሙ ወደ ውጭ እንዲመነጭ ካልተደረገ በቀር መሰንጠቂያው ብቻውን አይበቃም፤ ላክቶሱ ደጅ ይቀራል።

በአንድ ሊትር 50 ግራም ላክቶስ ቢኖር፣ በስሌት ከ27 ግራም በላይ ኤታኖል (አልኮል) አይወጣም። ይህን ያህል ከቀጠነ ነገር አልኮሉን በማትነን መለየት ብዙ ነዳጅ ይበላል። ለዚህም ነው አጓቱ አስቀድሞ የሚወፍረው፣ ወይም ዋጋው ከፍ ወዳለ ኬሚካል፣ ለምሳሌ ወደ ላክቲክ አሲድ፣ የሚኬደው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ላክቶሱ ከተሰነጠቀ በኋላ የተሻሻለው እርሾ ግሉኮሱን ቀድሞ ይጨርስና አረፋው ይቀዘቅዛል። አለቀ ብላችሁ አታውጡት፤ ጋላክቶሱ ገና አልተነካም ይሆናል።

የላክቶሱ መጠንና የአጓቱ ኮምጣጣነት እንደ አይብና እርጎው አሠራር ይለያያል። ላክቲክ አሲድ ለማግኘት ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ጂን ያስፈልጋል።