ጡት ማጥባት በኢትዮጵያ፦ የቤተሰብ ገቢና የጤና ተቋማት ድጋፍ

በኢትዮጵያ ጡት ያልቀመሰ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ዓመት ካልሞላቸው 100 ልጆች 97ቱ ጡት ጠብተዋል፤ 73ቱ ደግሞ በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጀምረዋል። ውሃም ሆነ ሌላ ነገር ሳይጨመር ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 በመቶ ናቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት ዕጣ በአብዛኛው በአዋላጇ እጅ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 አሥር የጡት ማጥባት ድጋፍ እርምጃዎችን አወጡ፤ በ1991 ደግሞ ለሕፃናት ምቹ የሆኑ ሆስፒታሎችን የማስፋፋት ሥራ ጀመሩ። ሥራው ቀላል ይመስላል። አዋላጇ ልጁን አድርቃ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ታስተኛዋለች፣ ከላይ በጨርቅ ትሸፍነዋለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች። አፉን በሰፊው ሲከፍት ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለውን የጡት ዙሪያ ጭምር እንዲጎርስ ትረዳዋለች። ጫፉን ብቻ ከያዘ ጡቱ ይቆስላል፣ ልጁም አይጠግብም፤ “ወተቴ አልበቃውም” የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንገሩንም የምታስከብረው እርሷ ናት። ወፍራሙና ቢጫው የመጀመሪያ ወተት በሽታ የሚከላከል ሆኖ ሳለ፣ ሆድ ያማል እየተባለ ታልቦ የሚደፋበት፣ አራስ ልጅ ቅቤ የሚልስበት ቤት አሁንም አለ። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ድጋፉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሕመሙ ገና ሳይለቃት ልጁን ብቻዋን ማቀፍ አትችልምና።

የሆስፒታል ድጋፍ ምን ያህል እንደሚለውጥ ከቤላሩስ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ 31 ሆስፒታሎችና ከ17 ሺህ በላይ እናቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ ድጋፉ በተሰጠባቸው ሆስፒታሎች የወለዱ እናቶች በሦስተኛው ወር ጡት ብቻ ያጠቡ የነበሩት 43 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን የቤላሩስ እናት የሦስት ዓመት የወሊድ ፈቃድ ነበራት። ምክሩን ተቀብላ ቤት ስትገባ ከልጇ ጋር የምትውልበት ጊዜ ነበራት።

የገቢ ነገር የሚገባው እዚህ ነው። በበለጸጉ አገሮች ረዘም ላለ ጊዜ የሚያጠቡት የተሻለ ገቢ ያላቸው እናቶች ናቸው፤ በድሃ አገሮች ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይታያል፤ የጣሳ ወተት መግዛት የሚችል ቤተሰብ ቀድሞ ወደ ጡጦ ይሄዳል። ይህ ማለት ግን ድህነት ለማጥባት ይመቻል ማለት አይደለም። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ጉልት የምትቸረችር እናት ልጇን ታቅፋ ታጠባለች፤ ገዢ ሲመጣ ጡቷን ከአፉ አላቃ መደብ ሽንኩርቱን ታፍሳለች፣ ብሩን ተቀብላ መልሳ ታጎርሰዋለች። እርሷ ቢያንስ ልጇ አጠገቧ ነው። ሲሚንቶ የምትሸከመው የቀን ሠራተኛ ለጎረቤት ትታው ትወጣለች፤ ጎረቤትም ሲያለቅስባት በውሃ የቀጠነ የላም ወተት ታቀምሰዋለች። ጎረቤቷን መውቀስ አይቻልም።

ደመወዝተኛዋም ብትሆን አልተረፈችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ፈቃዱ የሚያልቀው ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው፣ የስድስት ወሩ ምክር ገና እኩሌታው ላይ ሲደርስ ነው። ቀሪውን ታልቦ በተቀመጠ ወተት መሸፈን ይቻላል፤ ለዚያ ግን በር የሚዘጋ ክፍልና ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል፤ የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአራት ሰዓት በላይ ማቆየት አይመከርም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከወሊዶች ውስጥ በጤና ተቋም የተከናወኑት 26 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ 48 በመቶ ደረሰ። ጡት ብቻ የሚጠቡት ሕፃናት ግን ከ58 ወደ 59 በመቶ ብቻ ነው ከፍ ያሉት። እንደ እኔ አመለካከት፣ ይህ ልዩነት አዋላጇ ከሸኘቻት በኋላ እናቲቱ የምትመለስበትን ኑሮ ያሳያል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ማቆያው በተከፈተበት ቦታ እናት በሻይ ሰዓት ወርዳ አጥብታ ትመለሳለች። የጉልት ቸርቻሪዋና በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ግን ከሁለቱም አዋጆች ውጭ ናቸው።